ሦስት ጥምዝ፣ ሁለት እሳት

በይፋት ቆላ፣ ከጀውሃ እስከ አጣዬ፣ የእኔን የሙሄን ስም ያልሰማ ሰው ካለ እሱ ገና ያልተወለደ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ጣልያን ቆፈረው ይላሉ፤ ይበሉ። ግማሹን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ግማሽ ሌሎቹ አምስት ሺህ ሰዎች ተረዳድተው ጨረሱት።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ጉብዝናዬ አይደለም። እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የፈራሁት። ያ አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ቆየ። ሃያ ዓመት አልፎት እንኳ የከባድ መኪና ድምፅ በድንገት ስሰማ እጄ አንገቴን ይዳብሳል፤ በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ።

ዘመኑ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነው። ከየመንደሩ ጉልበት ያለው ወንድ እየተለቀመ ለመንገድ ሥራ ወደ ጣርማ በር ሲነዳ እኔም ተነዳሁ። የቆላ ሰው ነኝ፤ እዚያ ላይ ያለው ብርድ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚያደርቅ ነበር። ባቲስታ ለሚባል ጣልያናዊ ግንበኛ ድንጋይ አቀባይ ሆንኩ። አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ በድንጋይ ብናኝ የነጣ ሰው ነው። በአገሩ ሰሜን፣ በረዶ ግማሽ ዓመት ከሚተኛበት ተራራ እንደመጣ ነገረኝ። እሱ በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔ ጥርት ባለ ጣልያንኛ እናወራ ነበር።

ይህ ባቲስታ የማይተወው አመል ነበረው። ምሳ ስንበላ እጁ ሥራ አይፈታም፤ በከሰል የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ይሥላል። ስድስት ቅጠል ያላት አበባ ሥሎ ፀሐይ ናት ይለኛል። መጀመሪያውና መጨረሻው የማይገኝ ቋጠሮ ሥሎ የማይበጠስ ዕድሜ ነው ይለኛል። ከሁሉም የሚወደው ግን ከአንድ እምብርት ወጥተው በአንድ አቅጣጫ የሚሯሯጡ ሦስት ጥምዞችን ነበር፤ ጅራታቸውን እንደጠቀለሉ ሦስት እባቦች። አንዱ የተወለደው ነው፣ አንዱ የሞተው፣ አንዱ ተመልሶ የሚመጣው አለኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ምድርና ውሃ ሰማይም ነው አለኝ። ትናንት ያልከኝ ሌላ አይደለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አያቶቹም በዚህ ነገር ተስማምተው እንደማያውቁ ነገረኝ።

የእነዚያ ጥንታውያን ሰዎች ዓመት አራት በር አለው አለ። በጥቅምት መጨረሻ ሙታን ቤታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ ምግብ ይቀመጥላቸዋል። በጥር መጨረሻ የበጎቹ ጡት ይሞላል። በሐምሌ መጨረሻ የመጀመሪያው እሸት ይቆረጣል። በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ሁለት ትልልቅ እሳት ይነድና ከብቱ ሁሉ በመሃል ይነዳል፤ በመሃል ያለፈውን ከብት ዓመቱን ሙሉ በሽታ አይደፍረውም። ባቲስታ ቼልቲ ይላቸው ነበር፤ የተማሩ ሰዎች ኬልት እንደሚሏቸው በኋላ ሰማሁ። ታዲያ የት ገቡ ብዬ ጠየቅኩት። ወደ ካፖው፣ ወደ ሥራ አለቃችን፣ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሮማ ጨረሰቻቸው» አለኝ። «የተረፉት ምልክቱን በጋጣ በር ላይ ጠረቡት። በእኛ ቤትም አለ። ቄሱ ሲመጣ እናቴ ጭድ ታስደግፍበት ነበር።»

በዚያው ሳምንት ያንኑ ሦስት ጥምዝ ከመንገዱ ሥር በምንገነባው የድጋፍ ግንብ ላይ ጠረበው፤ ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ ከውሃ መውረጃው አፍ አጠገብ። መዳፍ ብትዘረጋበት ይሸፈናል። እኔ ካፖው እንዳያይ ቆሜ ከለልኩት። ሰውነቴ በዚያን ጊዜ የአንድ ቤት ግድግዳ ያህል ስፋት ነበረው።

በሚያዝያ አጋማሽ ሁለት ፈረስ የሚያህል ድንጋይ ጣቴ ላይ ወደቀና ወደ ቤቴ ሰደዱኝ።

ቆላውን ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ገብቶበት አገኘሁት። ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም። ከብቱ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ በአምስተኛው ቀን ይወድቃል። የእኛ መንደር ከሸዋ ሮቢት ቁልቁል፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። በሽታው ከጀውሃ በኩል እየመጣ ነበር። የሚስቴ የሐጂራ ታናሽ ወንድም ሷሊሕ አራት ልጆችና አንዲት ቀይ ላም ነበሩት። ልጆቹ በላሟ ላሟም በእሱ ይኖሩ ነበር። ሷሊሕ ዝምተኛ ነው። የእኔን ያህል ቃል ለመናገር አምስት ዕድሜ ይፈልጋል። እኔ ከተራራ መመለሴን ሲሰማ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ፣ እዚያ ላይ ለከብት የሚሆን መድኃኒት አላየህም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ ለሙሄ ይጠየቃል?

ከሮማ የሚቀድም መድኃኒት በእጄ አለ አልኩ። በማግስቱ ወንዙ ዳር ተናገርኩት፤ በሦስተኛው ቀን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ማረሻ ቀጥቅጬ ሦስቱን ጥምዝ የሚያወጣ ብረት ሠራሁ። የመንደራችን ሼህ፣ ሼህ አሊዪ፣ ሰሙና አስጠሩኝ። እንደ ደንቡ እጃቸውን ስሜ ቆምኩ። ጭሱን አልከለከሉኝም፤ ከብት በጭስ ማሳለፍ የአባቶቻችንም ነው አሉ።

«ብረቱን ግን ተወው» አሉኝ። «የማታውቀውን ነገር በሰው ንብረት ላይ አትጻፍ።»

«እርስዎ አይስጉ፣ ሼሁ» አልኳቸው። «የምልክቱን ትርጉም ከባለቤቱ አፍ ነው የተማርኩት።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። በእኛ ቆላ የአንድ ቤት ከብት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰማራው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው፤ አንዱ ሁለት መስመር፣ አንዱ ማጭድ፣ አንዱ የግመል እግር፣ በጋለ ብረት በታፋው ላይ ይታተማል። የአንዱን ምልክት ሌላው አይነካም። ሰዎች የአንድ አባት ልጆች ካልሆኑ ወይም ለውጊያ ተማምለው አንድ ካልሆኑ በስተቀር ከብቶቻቸው አንድ ምልክት አይሸከሙም። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ጭንቅላቴ በራሴ ዝና ተሞልቶ ስለነበር ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረውም።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ከሮቢ ወንዝ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሁለት የግራር ክምር አነደድኩ። እርጥብ ቅጠል ስጨምርበት ጭሱ ሁለት ምሰሶ ሆኖ ሰማይ ነካ። አራት መቶ ከብት በመሃል ነዳሁ። እያንዳንዱን በብረቴ አተምኩ። የሷሊሕ ቀይ ላም የመጀመሪያዋ ነበረች። ብረቱ ሲነካት አልጮኸችም፤ ዞራ አየችኝ ብቻ። ሷሊሕ አንገቷን አቅፎ ይዞ ነበር።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጀውሃ አጠገብ አርበኞች የጣልያንን መኪና መትተው አምስት ወታደር እንደገደሉ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ጣልያኖቹም ከሸዋ ሮቢት ምሽጋቸው ሁለቱን ጭስ አይተውታል።

በሦስተኛው ቀን ሷሊሕ ላሟን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስቆሙት። አብሯቸው የምሽጉ አዛዥ የካፒቴኑ አስተርጓሚ ሽፈራው ነበር፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ የየቤቱን የከብት ምልክት እንደ ስሙ የሚያውቅ። ትናንት ያንኑ ሦስት ጥምዝ በሌላ ሰው በሬ ላይ አይቷል፤ ከትናንት ወዲያ ደግሞ በሦስተኛ ሰው ጊደር ላይ። ለካፒቴኑ አስረዳው፤ በዚህ አገር በተለያየ ሰው ከብት ላይ አንድ ምልክት ካየህ ሰዎቹ ተማምለዋል ማለት ነው፣ ጭሱም ጥሪው ነው አለ። አልዋሸም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ሷሊሕን ከነላሟ ወደ ምሽጉ ወሰዱት፤ በሮቢት ገበያም ተለፈፈ። የምልክቱ ባለቤት፣ የሽፍቶቹ አለቃ፣ እስከ መጪው ገበያ እጁን ካልሰጠ ሷሊሕ በገበያው መሃል ባለው ሾላ ላይ ይሰቀላል። ሦስት ቀን።

ወሬውን ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ነገሩኝ። ብረቱን ሮጬ ከፍግ ክምር ሥር ቀበርኩት። ከዚያ አወጣሁና ከበረቱ ጀርባ ቀበርኩት። ከዚያ እንደገና አወጣሁት። ጥርሴ እንዲህ ሲንገጫገጭ የሦስት መንደር ውሾች ይጮሁ ነበር። በየወንዙ፣ በየገበያው፣ በየመስጊዱ ደጃፍ «የሙሄ ምልክት» እያልኩ ስፎክር ያልሰማኝ ሰው አልነበረም። አሁን መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ምሽጉ እየሄደ ይመስለኝ ጀመር። አንዲት አሮጊት እንጨት ተሸክማ ስታልፍ በሩን ዘግቼ ተንበረከክኩ።

ሐጂራ አላለቀሰችም። ያ የባሰ አስፈራኝ። ለወንድሟ ልጆች ወተት ከጎረቤት ለምና መጣች፣ ቅሉን አስቀመጠች፣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ስትፎክር ያልሰማህ ሰው የለም» አለችኝ። «ወንድሜ ግን ሲፎክር የሰማው የለም።»

ቅሉን አንስታ ወደ ልጆቹ ሄደች።

ቀትር ላይ ተነስቼ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር በረሃ ልጠፋ ወጣሁ። ያለ ውሃ፣ ያለ በትር። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ኋላ የአስካሪ ቀይ ቆብ ይታየኝ ነበር። ግማሽ ቀን ከሄድኩ በኋላ ሜዳው ላይ የወደቀች ጊደር አገኘሁ። ደስታ የገደላት ናት፤ ዓይኗ ገና እርጥብ ነው። ታፋዋ ላይ የእኔ ሦስት ጥምዝ ታትሟል። ቁስሉ እንኳ ገና አልደረቀም። ቆሜ አየኋት። መድኃኒቴ አልሠራም። ሷሊሕ የሚሰቀለው ምንም ለማይረባ ነገር ነው። አልጀገንኩም፤ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ወደፊት መሄዱም ወደ ኋላ መመለሱም እኩል ስለሚያስፈራኝ እግሬ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ተመለሰ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምሽጉ በር ቆምኩና ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኩ።

ሽፈራው ወጣ። ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። የሽፍቶቹ አለቃ፣ በሺህ የሚቆጠር ከብት ባለቤት፣ የሁለቱ እሳት ጌታ እኔ ሙሄ ነኝ ብዬ ደገምኩለት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ቁጥሩን መጨመር አልተወም። ሽፈራው ለካፒቴኑ የሆነ ነገር ነገረውና ሁለቱም ሳቁ። አስካሪዎቹም ሳቁ። ይህ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ ብቻዬን ቆፈርኩ የሚል ነው ማለቱን ከሳቁ ገባኝ።

«ሂድ ወደ ቤትህ፣ ሙሄ» አለኝ። «በዚህስ አትፎክርበት። እውነተኛው ሰው ሲመጣ እናውቀዋለን።»

በሩ ክፍት ነበር። ነፃ ነበርኩ፤ ማንም ሊነካኝ አልፈለገም። አሥራ ሁለት እርምጃ ሄድኩ፤ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ በግንቡ ጥግ ሷሊሕን አየሁት። ሁለት እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አየኝ። በጭንቅላቱ ወደ መንገዱ አመለከተኝ፤ ሂድ ማለቱ ነው።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስነሳ ፊቴ ወደ ምሽጉ ነበር።

«አሥራ አንድ ከብት ነው» አልኩት ሽፈራውን። «አንድ ብረት። ሁለት እሳት። ለበሽታው ነው። ከብቶቹ የአሥራ አንድ ሰው ናቸው፤ ማንም አልማለም፤ እኔ ነኝ ለምኜ ያተምኩባቸው። አንዷ ጊደር ሞታለች፤ ሜዳው ላይ አለች።»

የሽፈራው ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። 

«ስንት አልክ?»

«አሥራ አንድ።»

ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር። ይህ ሰው በዕድሜው ቁጥር አሳንሶ አያውቅም፤ አሁን ካሳነሰ እውነት ነው ማለቱን በኋላ ሰማሁ። ካፒቴኑ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። ምልክቱን ማን አስተማረህ?

እዚህ ላይ ነው ፍርሃት ምን እንደሆነ የገባኝ። ባቲስታ ብል ባቲስታ ይጠፋል፤ አላውቅም ብል ሷሊሕ ይሰቀላል። ያን ሁሉ የፎከርኩበት ጥርት ያለ ጣልያንኛ አፌ ላይ ፈልጌ አጣሁት። የማውቀው አርባ ቃል ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ድንጋይ፣ ውሃ፣ ቶሎ በል፣ ቀሪው ስድብ። «ሙሮ» አልኩ። ግንብ ማለት ነው። «ጣርማ በር። ሙሮ።» ከዚያ በአማርኛ፣ ግንቡ ላይ ተጠርቦ አየሁት፣ የመንግሥት ምልክት ነው ብዬ ኮረጅኩት አልኩ።

ካፒቴኑ ፊቱ ጠቆረ። በመንግሥቱ ግንብ ላይ የሽፍታ ምልክት አለ ማለቴ መሰለው። ከሌለ ሁለታችሁም እዚያው ትቀራላችሁ አለ። እኔንና ሷሊሕን በአንድ ገመድ አስረው መኪና ላይ ጫኑን።

ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሷሊሕ ከጎኔ ታስሮ ተቀምጧል። ትከሻው ትከሻዬን ይነካ ነበር፤ የማን እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አልተቻለም። የእኔ ይመስለኛል።

ደረስን። ከመኪናው ወርጄ ምልክቱን ፈለግኩ። የበልግ ዝናብ ናዳ አውርዶ የግንቡን እግር ቀብሮታል። የታችኞቹ አምስት ረድፎች በጭቃና በጠጠር ሥር ናቸው። የውሃ መውረጃው አፍ እንኳ አይታይም። ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። እጄን ፈቱልኝና ቆፍር አሉኝ። አካፋ አልሰጡኝም።

በጣቶቼ ቆፈርኩ። የተቀጠቀጠችው ጣቴ ተከፈተች። ጠጠሩ ባወጣሁት መጠን ከላይ እየተንሸራተተ ይመለሳል። ከኋላዬ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ቦታውን ተሳስቼ ቢሆንስ? ባቲስታ ራሱ ፈርቶ ፍቆት ቢሆንስ? በደንብ የማውቀውን ግንብ አላወቅኩትም፤ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ያን ጊዜ አንድ ሌላ እጅ ከእጄ አጠገብ ጠጠሩን ይጎትት ጀመር። ሷሊሕ ነው። ማን እንደፈታው አላየሁም። ሁለታችን እየቆፈርን የውሃ መውረጃውን ከንፈር አገኘን፤ ከእሱ በስተቀኝ መዳፌን ሰደድኩ። ጭቃው ሥር ጣቴ የጥምዙን ጎድጓዳ ነካ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ጭቃውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ይህን ግንብ የሠራውን ግንበኛ ጥሩልኝ አለ።

ባቲስታ ቅንድቡ እንደነጣ መጣ። ገመዱን አየ፣ ደሜን አየ፣ ድንጋዩን አየ። እንደማያውቀኝ ሆነ፤ እኔም እንደማላውቀው ሆንኩ። ወዳጄ ነው እያልኩ አገር ያደነቆርኩበትን ሰው። አንተ ነህ የጠረብከው ተባለ። እኔ ነኝ አለ። ትርጉሙስ?

ባቲስታ ከቅንድቡ ብናኙን ጠረገ። ስለ ተወለደው፣ ስለ ሞተው፣ ተመልሶ ስለሚመጣው፣ ሮማ ስለ ጨረሰቻቸው ሰዎች አንድ ቃል ቢወጣው ሁላችንም አልቀን ነበር።

«ኒየንቴ» አለ። ምንም ማለት ነው። ጌጥ ነው፣ በአገሬ በየጋጣው በር ላይ አለ ብሎ ጨመረ።

ካፒቴኑ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። የሚያሳስበው እኛ አልነበርንም። የሽፍታ ማኅተም ያለው ነገር የራሱ መንግሥት ግንብ ላይ፣ በራሱ ሰው እጅ ተጠርቦ መገኘቱን ለበላዮቹ መጻፍ ነበር። በመጨረሻ ነገሩን ላለመጻፍ መረጠና ሷሊሕን ለቀቀ፤ እኔን ሠላሳ ጅራፍ ገረፉኝ፤ መሮና መዶሻ ሰጡኝና ምልክቱን ራስህ አጥፋው አሉኝ። ባቲስታ ቆሞ እንዲያይ ታዘዘ። ድንጋዩ ጠንካራ ነበር። መጨረሻ ላይ የቀረው ጥምዝ ላይ መሮዬ ሲንሸራተት፣ ባቲስታ ሳይናገር እጄን ይዞ አቅጣጫውን አስተካከለልኝ። የራሱ ሥራ እንዴት እንደሚጠፋ እሱ ነው ያሳየኝ። በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት ተባለ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ሷሊሕ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀይዋን ላም ግን በሁለተኛው ቀን ለአስካሪዎች አርደዋታል። እኔ የቀረችኝን አንዲት ጥገት ነድቼ በረቱ አስገባሁለት፤ ልጆቹ ወተት ሲጠጡ ሐጂራ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ከታተሙት ከብቶች በሽታው የማረው ሦስቱን ነው። ምልክታቸው ላይ በጋለ ብረት መስመር ሰረዝኩበት፤ ሼህ አሊዪ ቆመው አዩ።

ግንቡ ዛሬም አለ። በመኪና ባለፍኩ ቁጥር ሾፌሩን አስቆመዋለሁ። ጎድጓዳዋን መዳፌ ያውቃታል።

እንግዳ ቤቴ ሲመጣ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። አራት መቶ ከብት በሁለት እሳት መሃል እንደነዳሁ፣ ጭሱ አዲስ አበባ ድረስ እንደታየ፣ ካፒቴኑ ሲያየኝ እንደተንቀጠቀጠ። ሷሊሕ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቤ ነው፤ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ አንድ የአጣዬ ነጋዴ አላምን ብሎ ወደ እሱ ዞረና፣ በአላህ፣ እውነት አራት መቶ ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ሷሊሕ አንገቱን ቀና አደረገ።

«እኔ እንጃ» አለ። «ሙሄ አንድ ቀን በትክክል ሲቆጥር ሰምቼዋለሁ። ያ ይበቃኛል።»